አዲስ ቻይና ወይስ ያገለገለ ያማሃ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ለስራ ሞተር ልገዛ ነው፣ በያዝኩት ብር አዲስ የቻይና 150 ሲሲ (የኢንጂን መጠን) ወይ ያገለገለ ያማሃ ይመጣል፣ የቱን ልያዝ? ከሀዋሳ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ብዙዎቹ የቻይና ሞተሮች ኢንጂናቸው በ1976 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሆንዳ ሲጂ 125 የተቀዳ ነው፣ ቀላል ስለሆነ የትም ይጠገናል፣ ጣጣው ብየዳው፣ ብሎኑና የመብራት ገመዱ ላይ ነው። ያገለገለውን ግን ጠዋት ሳይሞቅ ራስህ አስነሳው፣ ሻጩ አሙቆ ከጠበቀህ ጠርጥር፣ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እየበላ ነው፣ መሪው ስር ፍሬሙ ላይ አዲስ ብየዳ ካየህ ደግሞ ተጋጭቶ ሊሆን ስለሚችል ተወው። የኪሎሜትሩን ቁጥር እንኳን እርሳው (ማን ያምነዋል!)። የኢንጂንና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ካልገጠመ በነፃም ቢሰጡህ አትንካው። እኔ ብሆን ይሄን ሁሉ ያለፈ ያማሃ ካገኘሁ እሱን፣ ካጣሁ አዲሱን።