ስፖንጅ ሲበዛ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሁሉም ቤት ውስጥ ሙዚቃ ከሚያዳምጡ ሰዎች የመጡ ናቸው።

«አራቱንም ግድግዳ በስፖንጅ ለበጥኩት። ማሚቶው ጠፋ፤ ሙዚቃው ግን ታፈነ፣ ቤዙም ያጓራል። ምን አጠፋሁ?» (ከጀሞ)

ስፖንጁን አበዙት። የ5 ሳንቲሜትር ስፖንጅ የሚውጠው ቀጭኑን ድምፅ ነው፦ ጸናጽሉን፣ የዘፋኙን «ስ» እና «ሽ»። የ100 ኸርዝ (በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ) ቤዝ ግን አንዱ ሞገዱ 3.4 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ስፖንጁን ከቁብ ሳይቆጥር ብሎኬቱን መትቶ ይመለሳል። ቀጭኑን አጥፍተው ወፍራሙን ብቻውን ለቀቁት ማለት ነው። ግማሹን ያንሱና በምትኩ የመጻሕፍት መደርደሪያ ያቁሙ፤ ድምፁን ሳይገድል ይበትነዋል። ቤዝ የሚጠራቀመው ማዕዘን ላይ ስለሆነ፣ እዚያ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው፣ በጨርቅ የተሸፈነ የድንጋይ ሱፍ (ከቀለጠ ድንጋይ የተፈተለ የጭረት ንጣፍ) ከግድግዳው ትንሽ አርቀው ያቁሙ። እኔ የጥጥ ፍራሽ ጠቅልዬ አቁሜ ነበር። ረድቶኛል፤ ችግሩ እንግዳ በመጣ ቁጥር ማስረዳት ነው።

«የእንቁላል ትሪ ይሠራል?»

አይሠራም። ስስ ወረቀት ነው፤ እሳትም ቶሎ ይይዘዋል።

«ሳሎኔ 4 ሜትር በ4 ሜትር ነው፤ ሶፋው ከኋላው ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። አንድ የቤዝ ኖታ ሲመጣ ቤቱ ይናወጣል።» (ከሐዋሳ)

ካሬ ክፍል አስቸጋሪ ነው። በ4 ሜትር ርቀት በተያዩ ግድግዳዎች መካከል 43 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ እየተመላለሰ ይጎላል፤ የእርስዎ ክፍል ደግሞ ርዝመቱም ወርዱም እኩል ስለሆነ የሁለቱም አቅጣጫ ድምፅ እዚያው ኖታ ላይ ይደራረባል። ግድግዳ ሥር ሲቀመጡ ይባስ ይሰማዎታል። ምንም ከመግዛትዎ በፊት ሶፋውን 1.5 ሜትር ያህል ወደ ፊት ያምጡት። መሀል ላይ ግን አይቀመጡ፤ እዚያ ያው ኖታ ጨርሶ ይጠፋል። ስፒከሮቹንም ከማዕዘን ያርቁ። ባለቤትዎ ሶፋው መንገድ ዘጋ ካሉ፣ ያን እኔ አልፈታውም።

«ሁለት ምንጣፍ ብቻ ነው ያለኝ፤ የት ልስቀላቸው?»

አንዱ ሴራሚኩ ላይ፣ ከስፒከሩና ከእርስዎ መካከል ይነጠፍ። ለሁለተኛው፣ አንድ ሰው መስታወት ይዞ በጎን ግድግዳው ላይ ያንቀሳቅስ፤ ከተቀመጡበት ሆነው ስፒከሩ በመስታወቱ ውስጥ የታየዎት ቦታ ላይ ይስቀሉት። ወፈር ያለ ቢሆን ይመረጣል።

«ስፖንጅ ጎረቤት እንዳይሰማ ያደርጋል?»

አያደርግም። ድምፅ የሚከለክለው ክብደት ያለው ግድግዳና ቀዳዳ የሌለው በር ነው። ጎረቤትዎን ቡና ጠርተው ስንት ሰዓት ላይ ቤት እንደማይኖሩ መጠየቅ ይረክሳል።