በበረኪና የነጣ የበሬ ራስ ቅል ለምን ይበልዛል?

ከደብረ ብርሃን የጻፉልን አንባቢ ለፋሲካ ቅርጫ ከታረደ በሬ ጭንቅላቱን ከነረጅም ቀንዱ ተረክበው ቆዳውን ገፈፉ፤ ከዚያም በርሜል ውስጥ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ቀቀሉት። ሥጋው ሲላቀቅ በረኪና በተቀላቀለበት ውኃ አሳደሩት። ሲወጣ ነጭ ነበር። ሳሎን ውስጥ ከሰቀሉት በኋላ ግን ግንባሩና የቀንዱ ሥር ቢጫ እየሆነ መጣ፤ ሲዳስሱት እጅ ላይ ነጭ ዱቄት ይቀራል፤ ሁለት መንጋጋ ጥርሶች ወልቀዋል፤ ቤቱ በሞቀ ቁጥር ደግሞ ይሸታል። «እንደገና በረኪና ውስጥ ልክተተው ወይስ ነጭ ቀለም ልቀባው?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ሁለቱንም አያድርጉ። ቢጫው ቆሻሻ ስላልሆነ በማንጣት አይለቅም፤ ስብ ነው። የበሬ ራስ አጥንት ውስጡ ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ በየቀዳዳው ስብ አለ። ሲቀቀል ስቡ ይቀልጥና ወደ አጥንቱ ጠልቆ ይገባል፤ ቆይቶ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል። ቀለም ቢቀቡት ስቡ ቀለሙን አልፎ ይታያል።

ዱቄቱ የበረኪናው ሥራ ነው። አጥንት ከማዕድንና ማዕድኑን አያይዞ ከሚይዝ ፕሮቲን የተሠራ ነው። በረኪና ፕሮቲኑን ይበላል፤ የሚቀረው ማዕድን ብቻውን መቆም ስለማይችል ይፈረፈራል። በቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀረው በረኪናም ካልታጠበ ሥራውን አያቆምም። ጥርሶቹን ያላቀቀው ግን መቀቀሉ ነው። አንዳንዶች «ደጋ ላይ ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ አይጎዳም» ይላሉ። እርግጥ ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ይህም አጥንት ለማበላሸት ከበቂ በላይ ነው።

የእርስዎ ራስ ቅል አሁንም ይድናል፤ ችኮላ ግን አይወድም። መጀመሪያ በረኪናውን ያስወጡ። በትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ከትተው ውኃውን በየቀኑ እየቀየሩ፣ የበረኪናው ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ ይዘፍዝፉት። ይህ ሳያልቅ አቼቶም ሎሚም አሞኒያም አያስጠጉ። በረኪና ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ከአሞኒያ ጋርም ሳንባ የሚጎዳ ሌላ ጋዝ ይሰጣል። አቼቶ ለብቻውም ቢሆን ማዕድኑን ስለሚያሟሟ ለአጥንት አይሆንም።

ቀጥሎ ቀንዱ። ሽታው የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው። የበሬ ቀንድ ሁለት ነገር ነው፦ ከላይ ዋንጫ የሚሠራበት ሽፋን፣ ከውስጥ ደግሞ ከራስ ቅሉ የወጣ አጥንት። በሁለቱ መካከል ደም ሥር ያለው ሥስ ሥጋ አለ፤ ሽፋኑ ሳይወልቅ ካጸዱት ያ ሥጋ እዚያው ይበሰብሳል። እኛ ቀንድ የምንሠራ ሰዎች ሽፋኑን አውልቀን ነው ሥራ የምንጀምረው። ቀንዱን እስከ ሥሩ የሚሸፍን ውኃ ውስጥ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ያቆዩት፤ ከዚያ ሥሩን በሁለት እጅ ጨብጠው ግራና ቀኝ እያዞሩ ይሳቡት። እምቢ ካለ ይመልሱት እንጂ በመዶሻ አይምቱት፤ የሚሰበረው የውስጡ አጥንት ነው። ሲወልቅ ውስጡን በሳሙናና ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ ያጥቡና ጥላ ውስጥ ያድርቁት። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይሰነጠቃል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ የአጥንቱ ብቻ ነው፤ ቀንዱ እስከ መጨረሻው ይቆያል።

እግረ መንገድዎን የአንጎሉን ክፍል ይመልከቱ። ከኋላ፣ ከአንገት ጋር በሚገናኝበት ቀዳዳ በኩል የታጠፈ ሽቦ አስገብተው ያማስሉና ከቧንቧ ውኃ በጎማ ይልቀቁበት። የተቀቀለ አንጎል እዚያ ደርቆ ሲቀር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አፍንጫው ውስጥ ያሉትን እንደ ቅጠል የሳሱ አጥንቶች ግን አይጎርጉሯቸው፤ መቀቀሉ አስቀድሞ አዳክሟቸዋል።

ዋናው ሥራ ስቡን ማውጣት ነው፤ ሰው ሁሉ የሚሰለቸውም እዚህ ላይ ነው። ሳፋውን በሞቀ ውኃ ሞልተው ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በብዛት ይጨምሩ። ሙቀቱ እጅዎን ከትተው የሚችሉት፣ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ያህል ይሁን። ከዚያ በላይ ከሄደ እንደገና መቀቀል ነው፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ ስቡ ረግቶ አይወጣም። በደብረ ብርሃን ብርድ ሙቀቱን ማቆየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፦ ሳፋውን ከድነው በአሮጌ ብርድ ልብስ ይጠቅልሉት፤ ጠዋትና ማታ ከላዩ ቀድተው ትኩስ ውኃ ይጨምሩበት። ቀን ላይ ፀሐይ ካለ ጥቁር ፕላስቲክ አልብሰው ደጅ ያውጡት። ውኃው ሲደፈርስ ወይም ላዩ ላይ ስብ ሲንሳፈፍ ይድፉና በአዲስ ይተኩ። ለበሬ ራስ ይህ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ሥራውን ለማሳጠር ቤንዚን ውስጥ የሚነክሩ አሉ፤ ስቡን ያወጣል፤ ግን በአንዲት ብልጭታ ቤት ያቃጥላል። እኔ አልመክርም።

ስቡ ማለቁን ለማወቅ አጥንቱን አውጥተው ሳምንት ያህል ያድርቁ። ደርቆም ጠቆር ያለ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ የመሰለ ቦታ ካለው፣ ወይም የተጫነበት ሶፍት ቅባት ከያዘ፣ ወደ ሳፋው ይመለሳል።

ማንጣት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ለዚህም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እንጂ በረኪና አይደለም። መድኃኒት ቤት ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው 3 በመቶ ነው። የበሬ ራስ በዚህ ለመንከር ብዙ ጠርሙስ ስለሚፈጅ፣ ጥጥ በፐርኦክሳይድ አርሰው አጥንቱን አልብሰው በፌስታል ቢጠቀልሉት ይሻላል። የውበት ሳሎኖች ከፀጉር ማቅለሚያ ጋር የሚቀላቅሉት ነጭ ክሬምም ይኸው ነው፤ 20 የሚል ቁጥር ያለበት 6 በመቶ፣ 40 የሚለው 12 በመቶ ይይዛል። የእርስዎ አጥንት ስለተጎዳ ከ20ው አይለፉ፤ አንድ ቀን ካቆዩት በኋላ በብዙ ውኃ ያጥቡት። የብረት ዕቃ አይጠቀሙ፤ ጓንትና መነጽር ያድርጉ። ፐርኦክሳይድ ያለበትን ዕቃ አጥብቀው አይክደኑ፤ ጋዝ ስለሚያወጣ ሊፈነዳ ይችላል። በጣም ነጭ እንዲሆንም አይመኙ። ጤነኛ አጥንት ትንሽ ወተት መልክ አለው።

አጥንቱ ሲደርቅ ዱቄቱን ለማስቆም አናጢዎች የሚጠቀሙበትን ነጭ ኮላ አንድ እጅ ከውኃ አራት እጅ ጋር አቅጥነው በለስላሳ ብሩሽ ይቀቡት፤ ይመጥጠዋል። ካስፈለገ ሲደርቅ ይድገሙት። ስቡ ሳይወጣ ግን ኮላ እንዳይነካው፤ ቢጫውን ውስጥ ቆልፎ ያስቀራል። ቫርኒሽ አያስፈልግም፤ እሱም በጊዜው ይበልዛል። የወለቁትን ጥርሶች በዚሁ ኮላ ሳይቀጥን ይለጥፏቸው። በነገራችን ላይ የላይኛው የፊት ጥርስ ጠፋብኝ ብለው የሚፈልጉ ደንበኞች አይጠፉም፤ በሬ ከላይ የፊት ጥርስ የለውም፤ ስምንቱም ከታች ናቸው።

ለሚቀጥለው ጊዜ ሥራው ከአራጁ ይጀምራል። አንጎል ለማውጣት ግንባሩን በመጥረቢያ እንዳይመታው አስቀድመው ይንገሩት። ሥጋውን በቢላ የቻሉትን ያህል ካነሱ በኋላ አይቀቅሉ፤ ክዳን ባለው በርሜል በውኃ ዘፍዝፈው ከቤት ርቆ ያስቀምጡ። ሥጋውን ባክቴሪያ ይጨርሰዋል። ውኃ ሲቀይሩ ግማሹን ብቻ ይቀይሩ፤ ሁሉንም ከደፉት ባክቴሪያው አብሮ ይሄዳል። በቆላ ሙቀት በጥቂት ሳምንታት የሚያልቀው እርስዎ ዘንድ ወራት ሊወስድ ይችላል። ውኃውን በወንፊት አጥልለው ይድፉ፤ የሚወልቁ ጥርሶች ታች ይቀመጣሉ። መቅበርም ይሠራል፤ ነገር ግን አፈሩ አጥንቱን ቡናማ ያደርገዋል፤ በአካባቢዎ ጅብ ካለም ጠዋት አያገኙትም።

ሜዳ ላይ ወድቆ ያገኙትን ራስ ግን አያንሱ። በምን እንደሞተ ያልታወቀ ከብት አባ ሰንጋ ሊኖርበት ይችላል፤ የበሽታው ዘር በአፈርና በሬሳ ቅሪት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ሳሙናም አያጠፋውም። የዱር እንስሳ ራስ ወይም ቀንድ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የሕግ ነው፤ ያለ ፈቃድ ቤት ማስቀመጥ ያስጠይቃል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ቀንዶቹን ይመልሱ። የቀኙና የግራው ጥምዝ ስለሚለያይ አይምታቱብዎትም። ከውስጥ ጥቂት ኮላ ይበቃል። ላያቸው ከሻከረ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያረጠቡ ያልስልሱና የተልባ ዘይት በጨርቅ ይጥረጉባቸው፤ በዘይት የራሰውን ጨርቅ ጠቅልለው አይጣሉ፤ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ዘርግተው ደጅ ያድርቁት። ባለ ረጅም ቀንድ ራስ ከባድ ነው፤ ግድግዳዎ ጭቃ ከሆነ ሚስማሩን ከምሰሶው ላይ እንጂ ከጭቃው ላይ አይምቱ።