ሁለት ግራፊክስ ካርድና የሚሸት ፕላስቲክ

ከአዳማ አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቋል፦ «ባለ 6 ጊጋ ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርድ ነበረኝ። ጌም ይፈጥንልኛል ብዬ ያገለገለ ጂቲኤክስ 970 ገዝቼ አስጨመርኩ። ፍጥነቱ ንቅንቅ አላለም። ፊልም ሳይ ሰላም ነው። ጌም ስከፍት ግን ትንሽ ቆይቶ ድርግም ይልና ራሱ ተመልሶ ይነሳል። አንዳንዴ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸተኛል።»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ገመዱን ከሶኬት ንቀል።

ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ሲበላሽ ስክሪኑ ይደርቃል ወይም ጌሙ ይዘጋል እንጂ ፕላስቲክ አይሸትም። እኔ የጠረጠርኩት ኃይሉን ነው። ኬዙን ክፈትና 970ው ላይ የተሰካውን ገመድ ወደ ኋላ ተከተለው። ከሃርድ ዲስክ የሳታ ገመድ ወደ ባለ 6 ፒን የሚቀይር አዳፕተር የምታገኝ ይመስለኛል። እሱን ሳታወጣ ኮምፒውተሩን እንዳታበራው።

የሳታው መሰኪያ 12 ቮልት የሚያስተላልፉ 3 ፒኖች አሉት። እያንዳንዷ የምትችለው 1.5 አምፔር ነው። በድምሩ 4.5 አምፔር፣ ማለትም 54 ዋት። ባለ 6 ፒኑ ግን 75 ዋት እንዲያሳልፍ ተብሎ የተሠራ ነው። 970 ደግሞ ጌም ሲጀመር እስከ 145 ዋት ይስባል። ሙቀት ከአምፔሩ ጋር እኩል አይጨምርም፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ፒኗ ስትግል ዙሪያዋ ያለው ፕላስቲክ ይለሰልሳል፣ ንክኪዋም ይላላል። የላላ ንክኪ የባሰ ይግላል፣ የጋለው የባሰ ይላላል። መጀመሪያ ቡናማ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይቀልጣል፣ ከዚያ እሳት ነው። ፊልም ስታይ ሰላም የሆነልህ ካርዱ ያን ጊዜ ብዙ ስለማይስብ ነው።

እንዲህ ያለ አዳፕተር ሰክቶ «ይሠራል» ብሎ የሚሸኝ ሰው በጣም ያናድደኛል። ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) የካርድ ገመድ ከሌለው ለዚያ ካርድ አልተሠራም ማለት ነው። ከኬዝ ጋር የሚመጡት ርካሾቹማ አይነሱ! ላዩ ላይ 500 ዋት ተጽፎ ይሆናል፤ አንተ ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንብብ። 12 ቮልት ስር 18 አምፔር ካለ፣ ለካርዱም ለፕሮሰሰሩም ያለህ 216 ዋት ብቻ ነው። ሁለቱ ካርዶችህ ብቻቸውን ወደ 265 ይፈልጋሉ።

ፍጥነቱ ያልጨመረው ጌሙ የሚሠራው በአንዱ ካርድ ስለሆነ ነው። የ1060ው 6 ጊጋና የ970ው 4 ጊጋ ሜሞሪ ተደምረው 10 አይሆኑም። ሁለት ካርዶችን የሚያጣምረው ኤስኤልአይ አንድ ዓይነት ካርዶችን ይፈልጋል፤ 1060 ላይ ደግሞ ማገናኛው የሚሰካበት ቦታ እንኳ የለም። ጌሞች ካርዱን በሚያዙበት ሶፍትዌር፣ በዳይሬክትኤክስ 12፣ የተለያዩ ካርዶችን ማጣመር ይቻላል፤ ግን ጌሙ ራሱ ለዚያ ተብሎ መጻፍ አለበት። እንዲህ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

አሁን 970ውን ከነአዳፕተሩ አውጣ። የሳታውን መሰኪያ አፍ በባትሪ እይ። ከጠቆረ ወይም ከቀለጠ ያን ፓወር ሰፕላይ እንደገና አትጠቀምበት። ደህና ከሆነ 1060ውን ከፓወር ሰፕላዩ በሚወጣው ባለ 6 ፒን ገመድ ብቻ ሰክተህ አንድ ሰዓት ተጫወት። እንዲያም ሆኖ ከጠፋ የማቀዝቀዣ ፋኖቹን አቧራ አጽዳ፤ የአዳማ ነፋስ ኬዙን ቶሎ በአቧራ ይሞላዋል። ካጸዳህም በኋላ ከጠፋ ፓወር ሰፕላዩ ደክሟል። ልጠግነው ብለህ ሳጥኑን እንዳትከፍት፤ ተነቅሎም ውስጡ ኤሌክትሪክ ይይዛል።

አደራ፣ አዳፕተሩን «ለጊዜው» ብለህ እንኳ አትመልሰው። 970ውን ሽጠውና ጨምረህ ደህና ፓወር ሰፕላይ ግዛ። የካርዱ ገመድ ከራሱ ከሳጥኑ የሚወጣ መሆኑን እዚያው ሱቁ ውስጥ አረጋግጥ።