ከሥራ በኋላ ለራሴ የምሰማቸው አልበሞች

እህታችን ያነሳሽው ጥያቄ ደስ አሰኝቶኛል። «ቀኑን ሙሉ በሙዚቃ ሥራ የምትውሉ ሰዎች ቤታችሁ ገብታችሁ ለራሳችሁ የምትሰሙት ምንድን ነው? ነጠላ ዘፈን ሳይሆን ሙሉ አልበም ጥቀሱልኝ፤ የኪቦርድ ተማሪ ነኝ» ብለሻል። እኔ የምተዳደረው በማቀናበር ነው፤ ኪቦርድም እጫወታለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

በመጀመሪያ ሥራዬ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ፤ ምርጫዬ ከዚያ የመጣ ነውና። ከበሮውን ኮምፒውተር ላይ እሠራለሁ። ቤዝ ተጫዋቹ ሰኞ ይመጣል፣ ማሲንቆ ተጫዋቹ ሐሙስ፣ ድምፃዊው ደግሞ ሲመቸው። እያንዳንዱ ማዳመጫ አጥልቆ ምት ከሚቆጥርለት ሜትሮኖም ጋር ለብቻው ይጫወታል፤ አንድ ላይ የማስቀምጣቸው እኔ ነኝ። በዚህ መንገድ ብዙ መልካም ሥራ ይሠራል። ቤቴ ስገባ ግን የሚናፍቀኝ በአንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች እርስ በርስ እየተደማመጡ ሲጫወቱ መስማት ነው።

ለኪቦርድ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሜ የምሰጠው «ኢንትሮዲውሲንግ ሩቤን ጎንዛሌዝ» የሚለውን ነው። ሰዉ ሁሉ የኩባውን አልበም «ቡዌና ቪስታ ሶሻል ክለብ»ን ያውቃል፤ ይህኛው ግን በዚያው ሰሞን፣ በ1996፣ ሃቫና በሚገኘው የኤግሬም ስቱዲዮ የተቀረፀ ታናሽ ወንድሙ ነው። ሩቤን ጎንዛሌዝ በ1940ዎቹ ከኩባዊው የባንድ መሪ ከአርሴኒዮ ሮድሪጌዝ ጋር የተጫወተ ታላቅ ፒያኒስት ነበር። አልበሙ ሲቀረፅ ግን ዕድሜው ከሰባ አምስት አልፎ፣ ሙዚቃ ትቶ፣ ቤቱም ፒያኖ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት የስቱዲዮው በር እስኪከፈት ቆሞ ይጠብቅ ነበር ይባላል። አልበሙን በሁለት ቀን ጨረሱት፤ በኋላ የተጨመረ ድምፅ የለበትም። ቤዙን ካቻይቶ ሎፔዝ ነው የያዘው። የፒያኖው ቀኝ እጅ ከምት ወጥቶ ርቆ ሲሄድ ቤዙ አይከተለውም፤ ቦታውን ይዞ ይጠብቀዋል። ሩቤንም እስከፈለገው ድረስ መሄድ የሚችለው ቤዙ እንደማይነቃነቅ ስለሚያውቅ ነው። በመጀመሪያው ቀን ፒያኖውን ተይውና ቤዙን ብቻ ተከትለሽ አዳምጪ።

ሁለተኛው የማሊ ነው፤ አሊ ፋርካ ቱሬ በጊታር፣ ቱማኒ ዲያባቴ በኮራ (በገና መሰል የምዕራብ አፍሪካ መሣሪያ) የተጫወቱበት የ2005ቱ «ኢን ዘ ሃርት ኦፍ ዘ ሙን»። ባማኮ ውስጥ በኒጀር ወንዝ ዳር ባለው ማንዴ ሆቴል አንድ አዳራሽ ለጊዜው ስቱዲዮ ተደርጎ፣ ያለ ልምምድ የተቀረፀ ነው። አንዱ የሰሜን ሰው፣ ሌላው ከኮራ ተጫዋቾች ቤተሰብ የተወለደ። ኮራው ሃያ አንድ አውታሮች ስላሉት ሁሉንም ቦታ መሙላት ይችላል፤ ጊታሩ ይህን ስለሚያውቅ ሁለትና ሦስት ድምፅ እየደጋገመ ሥሩን ይዞለት ይቆያል። አሊ ፋርካ በራሱ አልበሞች ላይ ምን ያህል ኃይለኛ ተጫዋች እንደሆነ የሰማ ሰው ይህ ትዕግሥት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እኔ ቅንብር ሲበዛብኝና ምን እንደምቀንስ ሲጠፋኝ የምመለሰው ወደዚህ አልበም ነው።

የአሜሪካዊውን የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች የማይልስ ዴቪስን «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ስጠቅስ ይህን የማያውቅ ማን አለ እንደምትዪ እገምታለሁ። ግን በቅኝት ላደገ ጆሮ የተለየ ነገር አለው። የዚያ ዘመን ጃዝ ከኮርድ (አብረው ከሚመቱ ድምፆች) ወደ ኮርድ መሮጥ ነበር፤ እነርሱ ሩጫውን ትተው በአንድ ስኬል ላይ ረግተው ዜማ መፈለግ መረጡ። ትዝታንና ባቲን ለሚያውቅ ሰው ይህ ባዕድ አይደለም። በ1959 በሁለት ቀናት፣ ማርች 2 እና ኤፕሪል 22፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረ ስቱዲዮ ቀረፁት። ለተማሪ የምትጠቅም አንዲት ነገር ልጨምር፦ በመጀመሪያው ቀን ዋናው የቴፕ መቅረጫ ከሚገባው ፍጥነት ዘግየት ብሎ ይዞር ስለነበር፣ በቀደሙት ሸክላዎች የመጀመሪያው ገጽ ቃናው ጥቂት ከፍ ብሎ ነው የሚሰማው። የታረመው በ1990ዎቹ ነው። ስለዚህ ከድሮ ቅጂ ጋር ኪቦርድ ልትጫወቺ ሞክረሽ አልገጥም ቢልሽ ጥፋቱ የጣቶችሽም የጆሮሽም አይደለም፤ የታረመውን ፈልጊ። የፒያኒስቱ የቢል ኢቫንስ ግራ እጅም ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው።

ወደ አገራችን ስመለስ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ያለ ምንም ማመንታት አስቀምጣለሁ። በ2006 በኢትዮፒክስ፣ ማለትም የኢትዮጵያን ሙዚቃ በሚያሳትመው የአልበም ተከታታይ፣ 21ኛ ሆኖ የወጣው አልበም አለ። እማሆይ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረዋል፣ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ አጥንተዋል፤ በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ ሲያርፉ 99 ዓመታቸው ነበር። እዚህ የሚጫወቱት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ሆኖም ሁለቱ እጆቻቸው ይደማመጣሉ። ቀኝ እጅ የዜማውን ጫፍ ሲያንቀጠቅጥ ግራው ትንፋሽ ስቦ ይቆማል፣ ከዚያ አብረው ይወርዳሉ። ይህን ሜትሮኖም ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። ኪቦርድ የያዘ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሊሰማው ይገባል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ከላይ ስለ አንድ ክፍል የተናገርኩትን የሚፈታተነኝ አልበም ደግሞ የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት አሜሪካ ከቀረ በኋላ በ1985 ብቻውን፣ በአኮርዲዮን፣ በሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በሙግ ሲንተሳይዘርና በሪትም ማሽን ሠራው፤ በካሴት ወጣ። ለዓመታት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ቆይቶ በ2013 አልበሙ እንደገና ሲታተም ወደ መድረክ ተመለሰ። ማሽኑ ፍንክች አይልም፤ አኮርዲዮኑ ግን በላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ ይዘገያል፣ ይቀድማል። በኮምፒውተር ብቻ ለሚሠራ አቀናባሪ ተስፋ የሚሰጥ ሥራ ነው፤ እኔም ለወጣት ባልደረቦቼ ደጋግሜ የማሰማው ለዚህ ነው።

ሁለት ልጨምር። የዓለሙ አጋ በገና፣ በዚያው በኢትዮፒክስ ተከታታይ 11ኛው፣ በዝቅተኛ ድምፅ ከበገናው ጋር የተቀረፀ ስለሆነ በስልክ ድምፅ ማጉያ አትስሚው፤ የአውታሮቹ እዝታ ይጠፋል። የጌታቸው መኩሪያ «ሞዓ አንበሳ» ደግሞ በ2006 ዘ ኤክስ ከተባለው የኔዘርላንድ ፓንክ ባንድ ጋር የተሠራ ነው። ሽለላን በሳክስፎን የሚያሰማ ሰው እንዲያ ያለ ጩኸታም ጊታር አጠገብ ሲቆም አንዱ ሌላውን ይውጠዋል ብሎ የሚፈራ ይኖራል፤ ድምፁን ከፍ አድርገሽ ስሚውና ፍረጂ።

ተራውን ለመወሰን ካስቸገረሽ ከሩቤን ጀምሪ፣ ከዚያ እማሆይን አስከትዪ። ከእማሆይ አልበም የወደድሽውን አንዱን መርጠሽ የግራ እጁን ብቻ በኖታ ለመጻፍ ሞክሪ። የት ላይ እንዳስቸገረሽ እዚሁ ጻፊልኝ፤ አብረን እናየዋለን።