ለእናትሽ የብርሃን ሕክምናው ምን ያህል ይረዳቸዋል?

እህቴ፣ አሜሪካ ያሉት እናትሽ በዕድሜ የሚመጣው የማኩላ (በዓይን ውስጥ ጥርት አድርጎ የሚያየው የመሃል ክፍል) ሕመም፣ ደረቁ ዓይነት፣ አለባቸው፤ የብርሃን ሕክምናው ያድናቸዋል ወይ ብለሻል። አያድንም። የሞተውን ሕዋስ አይመልስም። የሚጠቅመውም መሃል ማኩላው ገና ካልሞተ ነው፤ ይህን መጀመሪያ ሐኪማቸውን ጠይቂ።

ብርሃኑን የሚሰጠውን ቫሌዳ የተባለ መሣሪያ የአሜሪካ የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ የፈቀደው በ2024 ነው። መርፌ የለውም። አገጫቸውን አስደግፈው ይቀመጣሉ፣ አንዴ ዓይናቸውን ከፍተው አንዴ ጨፍነው ብርሃኑን ይቀበላሉ። ለአንድ ዓይን 5 ደቂቃ አይሞላም። ግን ከ3 እስከ 5 ሳምንት ውስጥ 9 ጊዜ መመላለስ አለ፣ በየ4 ወሩም ይደገማል። ማን እንደሚያደርሳቸው ካሁኑ አስቢበት።

ውጤቱስ? በዋናው ጥናት በ13ኛው ወር የታከሙት በዓይን መመርመሪያው ሰሌዳ ላይ በአማካይ ከ5 ፊደል ትንሽ በላይ ጨምረው አንብበዋል፤ ያ አንድ መስመር ነው። ለማስመሰል ብቻ የበራላቸውም ግን 3 ፊደል ያህል ጨምረዋል። እውነተኛው ልዩነት እንግዲህ ግማሽ መስመር ግድም ነው። ለኔ ትንሽ ናት፤ ከኪስ የሚከፈል ከሆነ ደጋግመሽ አስቢ።

ሐኪም ያዘዘላቸውን ቪታሚን እንዳያቋርጡ አደራ። የበሩ መቃን ተጣሞ ከታያቸው ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ያኔውኑ ውሰጃቸው፤ ወደ እርጥቡ፣ ደም ሥር ወደሚያፈስበት፣ ዓይነት ተለውጦ ሊሆን ይችላል።