ስብሰባው ይቆይና ድሩን አብራችሁ ግዙ

ጥያቄ፦ ጎንደር አዲስ ዓለም አካባቢ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ልብስ ስፌትና ጥልፍ ነው። ሸማውን የሚሠሩልን ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ የምንሰፋው ደግሞ ክርስቲያኖች እንበዛለን። ድሮ በደጃቸው ሳልፍ ቡና ሳልጠጣ አልመለስም ነበር። ከሚያዝያ 2014ቱ የሙስሊምና የክርስቲያን ግጭት ወዲህ ሰላምታው አለ፣ ቡናው የለም። ደንበኛውም ወደየራሱ ወገን መሄድ ጀምሯል። ሽማግሌዎች ሁለት ሦስቴ ሰብስበውን ተቃቅፈን አልቅሰናል፣ በማግስቱ ያው ነው። አሁን አሥራ አምስት የምንሆን ሰዎች አብረን ልንሠራ አስበናል። ገንዘባችን ትንሽ ነው፣ ጥርጣሬው ብዙ። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ እታለም፣ ለቅሶውን አልነቅፍም። ግን ተቃቅፎ የተለያየ ሰው ነገ የሚገናኝበት ጉዳይ ከሌለው መተቃቀፉ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ይቀራል። ደግሞ አንድነት በተነሳ ቁጥር «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የማይል ሰብሳቢ የለም። ድሩን ማን ገዛው፣ በስንት ገዛው ብሎ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ ከዚያው ከድሩ ጀምሩ ነው የምልሽ። የምሬን ነው፣ ክሩን።

እጅሽ ላይ ያለውን ቀሚስ እስቲ እዪው። ድሩ የፋብሪካ ነው፣ ማጉን ምናልባት አንዲት እናት ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ በእንዝርት የፈተለችው ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ መወርወሪያውን ወዲያ ወዲህ ሲያመላልስ ውሎ ሸማውን ያወጣዋል፣ ከዚያ አንቺ ትሰፊዋለሽ፣ ትጠልፊዋለሽ፣ አንዷ ለጥምቀት ለብሳው ወደ ፋሲል መዋኛ ትወርዳለች። ከነዚህ ሰዎች አንዱ ቢጎድል ቀሚስ የለም። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1668 በጻድቁ ዮሐንስ (በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ) ዘመን የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞቹ ለብቻቸው ይስፈሩ ብሎ ወሰነ፣ ያንቺ ሰፈር የተቆረቆረው በዚህ ነው። ሰፈሩ ተለየ እንጂ ከተማው ከነሱ ሸማና ንግድ መላቀቅ አልቻለም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምታደርጉት ይሄን ነው። እያንዳንዱ ሸማኔ ድሩን በችርቻሮ ትንሽ ትንሽ እየገዛ ነው አይደል? ለአንድ ዙር ብቻ ገንዘባችሁን አዋጡና በጅምላ ግዙ። ሊገዙ የሚሄዱት ሁለት ሰዎች ይሁኑ፣ አንድ ከወዲህ አንድ ከወዲያ። ደረሰኙን ይዘው ይምጡ፣ ክሩ ሁሉም ባሉበት ሚዛን ላይ ይቀመጥ፣ ሁሉም እንዳዋጣው ይውሰድ። ሒሳቡ በዚያው ቀን ይዘጋል። በችርቻሮና በጅምላ መካከል ያለውን ልዩነት እያንዳንዱ ኪሱ ውስጥ ያየዋል፣ ስለዚህ ለሁለተኛው ዙር ማንም አይለመንም። ጥርጣሬ በንግግር የሚሄድ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በሄደ ነበር።

ቀጥሎ ዕቁብ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በጎ አሳቢ ሁሉ ቁጠባና ብድር አቋቁሙ ይላል፣ ብድሩ ወለድ ካለው ግን ሙስሊም ጎረቤቶችሽን በር ላይ አስቀራችኋቸው ማለት ነው። ዕቁብ ወለድ የለውም፣ ያዋጣኸውን ነው የምትበላው፣ ለሁለታችሁም ይሆናል። ገንዘቡ አድጎ ባንክ ማስገባት ካማራችሁ እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች አሉ፣ ከሌሎቹም ብዙዎቹ ለዚሁ መስኮት ከፍተዋል። ዕጣ ለሚወጣለት ሰው ሁለት ዋስ ይጠየቅ፣ አንዱ የግድ ከሌላኛው እምነት። መጀመሪያ ያስኮርፋል፣ አውቃለሁ።

መዝገቡን አደራ። እኔ ራሴ ዕቁብ ተበልቶብኝ ያውቃል። ፀሐፊው ሌባ አልነበረም፣ ሁሉን በቃሉ ነበር የሚይዘው፣ ሲታመም ሒሳቡም አብሮት ተኛ። የሌብነቱ ወሬ ግን ዓመት ሙሉ ሲዞር ከረመ። እናንተ ጋ እንዲህ ያለ ስህተት ቢፈጠር «ፀሐፊው» አይባልም፣ «እነሱ» ነው የሚባለው። ስለዚህ ሁለት ደብተር ይኑር፣ ሳጥኑም ሦስት ቁልፍ፣ ቁልፎቹ ሦስት ሰው ጋ።

መሰብሰቢያችሁ ዓርብ ቀትርና እሑድ ጠዋት እንዳይሆን። (አርባ አራት ታቦት ባለበት ከተማ በዓል የሌለበት ቀን መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ በርቱ።) ሥጋም ጠላም አይቅረብ። ቡናና ቆሎ ይበቃል፣ የቀረብሽ ቡናም በዚያው ትመለሳለች።

ዓመት ከዘለቃችሁ በኅብረት ሥራ ማኅበር ለመመዝገብ ማሰብ ትችላላችሁ። በአዋጁ ብዙ አክሲዮን ያለውም ትንሽ ያለውም ድምፁ አንድ ነው፣ ለእናንተ ዓይነቱ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን አትቸኩሉ። ማኅተም አስቀርጾ ሥራ የሌለው ማኅበር ስንት አይተናል።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ውስጥ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም እድር አለ። ሁለቱም ድንኳን፣ ሁለቱም ወንበር ገዝተው ዓመቱን ሙሉ መጋዘን ያሞቃሉ። እናዋህዳቸው ስንል ግን ሁለቱም ወገን ተቆጣ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ልክ ናቸው፣ ወንድሜ፣ አታዋህዷቸው። የቀብሩ ሥርዓት የየራሱ ነው፣ ሙስሊሙ ሬሳ ሳያሳድር ነው የሚቀብረው፣ የክርስቲያኑ ደግሞ ፍትሐት አለው። ዕቃው ግን ሃይማኖት የለውም። ድንኳኑንና ወንበሩን አንድ መዝገብ ላይ አስፍሩና ሐዘን ለገጠመው ቅድሚያ ስጡ፣ ትርፉን ለሠርግና ለምርቃት አከራዩ፣ ኪራዩን ሁለቱ እድሮች እኩል ይካፈሉ። የሚያወጡና የሚያስገቡ የሰፈሩ ሥራ ፈላጊ ልጆች ይሁኑ፣ ከሁለቱም ወገን፣ ከኪራዩም ይከፈላቸው። ድስቱን ብቻ ለየብቻ ተዉት።