ርካሽ የጃፓን ጎራዴ በኢንተርኔት ጨረታ

ጥያቄ፦ በጨረታ ድረ ገጾች ላይ በርካሽ ከሚወጡት ጥንታዊ የጃፓን ጎራዴዎች ደህናውን በፎቶ ብቻ እንዴት ልለይ?

መልስ፦ ከስለቱ በፊት እጀታው ውስጥ የሚገባውን ብረት፣ ናካጎን፣ ይዩ። ሻጩ ፎቶውን ካልሰጠ ይተዉት። የዘመናት ዝገት ጠቆር ያለ ቡናማና እኩል የተኛ ነው፤ ብርቱካናማና የሚረግፍ ከሆነ ይጠርጥሩ። ትንሽ የ«ሾዋ» ወይም የ«ሴኪ» ማኅተም ካለበት፣ ባብዛኛው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለወታደር በፋብሪካ የተመረተ ነው። በታዋቂ አንጥረኛ ስም አይማረኩ፤ የውሸት ፊርማ ሞልቷል። ፊርማ የሌለው ዋኪዛሺ (ስለቱ ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ አጭር ጎራዴ) የተሻለ ግዢ ነው።

ከሁሉ የከፋው ሃጊሬ ነው፤ ከሚቆርጠው ጠርዝ ወደ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚገባ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ። አይጠገንም። ስለዚህ ስለቱን በቅርብና በጎን ብርሃን የሚያሳይ ፎቶ ያስልኩ። የስለቱን ዝገት በባለሙያ ማስወልወል ደግሞ ከጎራዴው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ ከመጫረትዎ በፊት ያስሉት።

ከጃፓን ሲገዙ የጎራዴው የምዝገባ ካርድ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ሻጩም ከጃፓን የባህል ጉዳዮች ኤጀንሲ የመላኪያ ፈቃድ ማውጣት አለበት።